የውሻው ስም ማንን ያሳፍራል?

ቡችላ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ከምግቡና ከማደሪያው አስቀድሞ የሚከራከረው በስሙ ነው፤ ክርክሩንም ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ልጆቹን ይበልጥ ያሳቀው ስም ነው። ሳቁ ከሳሎን እስካልወጣ ድረስ ችግር የለውም። የውሻ ስም ግን ደጅ ላይ ቆሞ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ በየቀኑ የሚጠራ ስም ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም ከአያት ወዲያ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች አጥሩ ቆርቆሮ፣ ሌሊቱም ጭር ያለ በመሆኑ አንድ ሰው ውሻውን ሲጠራ መንደሩ በሙሉ ይሰማዋል። ጅብ በሚያንዣብብበት የከተማ ዳር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ከፍቶ ያመለጠ ውሻን መጣራት ለብዙዎቻችን የተለመደ ሥራ ነው። በእኔ እምነት ባለቤቱን ብቻ የሚያሳፍር የውሻ ስም አንዳች ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሚጀምረው ኀፍረቱ ወይም ጣጣው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ላይ ሲያርፍ ነው።

ሰው በእንስሳው ስም መጠራቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እኛ ፈረስ ባይኖረንም፣ ነዋሪው ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ ገና ባልተዋወቀበት አዲስ ሰፈር ልጆች «የቦቢ ቤት ጋ»፣ «የጃክ አባት» እያሉ አድራሻ ሲጠቁሙ መስማት የዘወትር ነገር ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ውሻ ስም ሉሉ እንደነበር የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል የሚባሉት ንጉሠ ነገሥት በዚህ ስም ካላፈሩ፣ በእኛ መንደር ሲኖትራክ የሚነዳው ግዙፍ ሰው ውሻውን «ከረሜላ» ቢለው የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያ ጎርናና ድምፁ «ከረሜላ፣ ና!» ባለ ቁጥር የሱቁ ደንበኛ ሁሉ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ወደ ሰፈሩ የገባው ከብዙዎቻችን በኋላ ቢሆንም፣ በእድሩ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ወዳጅ ያፈራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

«ሌባ» የተባለው ቡችላ ነገር ከዚህ ይለያል። ስሙን ያገኘው ጫማ እየጎተተ ስለሚሰውር ነው፤ መጀመሪያ ላይም ከባለቤቱ በቀር ማንንም አላስቸገረም። ባለቤቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስከትቡት በመጡ ዕለት (ክትባቱ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል) ካርድ የሚሞላው ወጣት ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስም?» አላቸው። «ሌባ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወጣቱ አሁን ቀና ብሎ «ጋሼ፣ የውሻውን ነው የጠየቅሁዎት» ሲላቸው ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ከመሳቅ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ችግሩ የመጣው ውሻው አድጎ አጥር መዝለል ሲጀምር ነው። አንድ ሌሊት የቤቱ እመቤት በር ላይ ወጥተው «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ሲጣሩ ከየግቢው ዱላና ባትሪ የያዘ ሰው ግር ብሎ ወጣ፤ አንዲት አራስ እንኳ ደንግጣ ተነሥታ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ በቅርብ በሌለበት ሰፈር ይህ ጩኸት የጋራ መከላከያችን ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የተነሣ ጎረቤት «የእነ እንትና ውሻ ነው» ብሎ መተኛት ይለምድና፣ እውነተኛው ሌባ የመጣ ሌሊትም ብርድ ልብሱን አይገልጥም። እንዲህ ያለው ስም ቀልድነቱ ያበቃለት ስለሆነ መቀየር አለበት ባይ ነኝ።

የሰው ስም ለውሻ መስጠትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ይህ ካልሆነ ስሜን ለውሻ ስጡት» እያለ በሚምል ማኅበረሰብ መካከል፣ ለጣፋጭነቱ ብቻ ተብሎ የተመረጠ ስም የአንዲት የተከበሩ እናት ስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፈረንጅ ስምም ከዚህ አያድንም፤ ዛሬ ቤላ፣ ሶፊና ማክስ የሚባሉ ልጆች በየመዋለ ሕፃናቱ ሞልተዋል። «ሚሚ፣ ነይ!» ሲባል ውሻዋም፣ ከማዶ ቡና የሚወቅጡት እትዬ ሚሚም ቀና የሚሉበት ሰፈር ውስጥ ቢያንስ ጎረቤትን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። የቅዱሳንና የነቢያት ስም ጨርሶ አይነካም፤ ይህ ክርክር አያሻውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በቂም የሚወጣ ስም ነው፤ በወሰን የተጣላውን ጎረቤት በስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ውሻ ሰይሞ ጠዋት ማታ «ውጣ! ዝም በል!» እያሉ መጣራት። ይህን እንደ ብልሃት የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ የማየው፣ ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ሰው ነገሩን ምንም በማያውቅ እንስሳ አፍ ሲናገር ነው።

ለውሻው ለራሱ የስሙ ትርጉም ምኑም አይደለም። እሱ የሚፈልገው አጭርና ጥርት ያለ፣ ከትእዛዝ ጋር የማይምታታ ድምፅ ነው፤ ናቲ ከ«ና» ጋር፣ ተዋቡ ከ«ተው» ጋር ሊደባለቁበት ይችላሉ። የማይሆን ስም የወጣለት ቡችላም በአዲሱ ስሙ በተጠራ ቁጥር ቁራሽ እየተሰጠው ከተለማመደ ብዙም ሳይቆይ ይቀበለዋል። ስለዚህ ልጆቹ የፈለጉትን ስም ያቅርቡ፣ ይሳቁም። የመጨረሻው ቃል ግን በዚያ ጨለማ ደጅ ወጥቶ ውሻውን የሚጣራው ሰው ይሁን፤ ያ ሰው ስሙን አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ፣ በሙሉ ድምፁ፣ ጎረቤት እየሰማው ሊለው ካልደፈረ የክትባት ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ሌላ ይፈለግ።