ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስካውቱን አታስቁሙት

አገር ቤት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ኳሱም ሰፈሩም ይቀርበታል። «ፈተና አለበት» ተብሎ ቤቱ በሙሉ ድምፁን ይቀንሳል። ዕጣውን የሚወስነው አንድ ፈተና ነውና እዚያ ያስኬዳል። አሜሪካ ያለን ወላጆች ግን ያንኑ ልማድ ይዘን፣ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባና ትምህርቱ ሲከብድ በመጀመሪያ የምናስቆመው ስካውቱን፣ ልጆች በቡድን ካምፕ እየወጡና ሙያ እየተማሩ ማዕረግ የሚያገኙበትን ማኅበር፣ ነው። እዚህ ብዙ ኮሌጆች ከውጤቱ ሌላ ለዓመታት ምን ይዞ እንደቆየም ይጠይቃሉ። ስለዚህ ማቀዝቀዝ እንጂ ማስቆም አያስፈልግም።

ለማቀዝቀዝ ግን ስሌቱን ማወቅ ነው። የመጨረሻው ማዕረግ፣ ኢግል ስካውት፣ 21 ሜሪት ባጅ (በየሙያው ሠርቶ የሚያገኘው ምልክት) እና ልጁ ራሱ የሚመራው አንድ የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላው ማለቅ አለበት። ከኢግል በታች ባሉት ማዕረጎች ከፈርስት ክላስ ወደ ስታር 4 ወር፣ ከስታር ወደ ላይፍ 6 ወር፣ ከላይፍ ወደ ኢግል ሌላ 6 ወር ግድ ነው፤ በድምሩ 16 ወር። በ16 ዓመት ከ8 ወሩ ፈርስት ክላስ ያልደረሰ ልጅ በመደበኛው መንገድ አይደርስም። ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፤ ባጁን በሩጫ መሰብሰብ ይቻላል፣ ወሩን ግን አይቻልም። ፈርስት ክላስን ሃይስኩል ሳይገባ መጨረስ ትልቅ እፎይታ ነው።

የኳስ ወቅት ሲመጣ ለስካውትማስተሩ፣ ለቡድኑ መሪ፣ አስቀድሞ መንገር ነው፤ ዝም ብሎ የጠፋ ልጅና ነግሮ የቀረ ልጅ እኩል አይታዩም። በዚያ ወቅት ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ዘገምተኛ ባጆች ይያዝ፦ የአካል ብቃቱ 12 ሳምንት፣ የገንዘብ አያያዙ የ13 ሳምንት የገቢና ወጪ መዝገብ፣ የቤተሰብ ሕይወቱ ቢያንስ አምስት የቤት ሥራ ለ90 ቀን። ይህ የመጨረሻው «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» በሚባልበት ቤት ይሰናከላል። ዕቃ ማጠቡ፣ ቆሻሻ ማውጣቱ የልጁ መሆን አለበት፤ እናት ከሠራችለት ምን ብሎ ይመዘግባል? ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ በየቀኑ ይሙላ። ሥራው ተሠርቶ መዝገብ ስለጠፋ ብቻ እንደገና የጀመሩ ልጆች አሉ።

ካምፑ ብዙውን ጊዜ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ስለሆነ ከቅዳሴውም ከሰንበት ትምህርት ቤቱም ይጋጫል። የዓመቱን ካላንደር መስከረም ላይ ተቀብሎ በዓላቱንና ጾሙን ምልክት ማድረግ፣ አንዳንዱን ካምፕ ቅዳሜ ማታ አቋርጦ መመለስ ይቻላል። የፀደዩ ካምፕ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የምግቡን ዝርዝር ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ከካምፑ በፊት የሚያወጡት፤ የእኛ ልጅ ያን ዕለት ካልተናገረ ካምፑ ላይ ሆትዶግ ይጠብቀዋል። «እራቱን እኔ እሠራለሁ» ይበል። ለስድስት ልጅ ሦስት ኩባያ ቀይ ምስር ክክ ይበቃል፤ ምስሩ ቶሎ ይበስላል። በርበሬውን በሽንኩርትና በዘይት ለብቻው ያቁላላው፣ ከጓደኞቹ የማይችለው አልጫውን እንዲበላ።