ካባ ይደረብለት፣ ፌስታልም ይደረብለት

በየዓመቱ ካባ የሚደረብላቸው ሰዎች ሞልተዋል። ለሯጩ ተደርቧል፣ ለዘፋኙ ተደርቧል፣ ለባለሀብቱማ ሁለት ሦስቴ ተደርቧል። እስከ ዛሬ ሳይደረብለት የቀረ አንድ ባለውለታ አለን፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከታክሲ ወርዶ፣ ከጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ በተሰደሩት ሱቆችና ጉሊቶች ፊት ባዶ እጁን የሚቆመው ሸማች።

ባዶ እጁን መሆኑ ይሰመርበት። አያቱ ዘንቢል ወይም ቅርጫት ሳይዙ ገበያ ከሄዱ «ምን ነካቸው?» ይባሉ ነበር። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ፣ እህሉ በስልቻ፣ ስኳሩ በጋዜጣ ተቋጥሮ ይመጣል። የልጅ ልጃቸው ከዚህ ሁሉ ሸክም ነጻ ወጥቷል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ማታ ሽንኩርት እንደሚገዛ እያወቀ እንኳ ኪሱን ባዶ አድርጎ ይወጣል። ሰው በሰው ይተማመናል፤ እሱ በፌስታል ይተማመናል።

የአንድ ማታ ገድሉን እንቁጠርለት። እንጀራ በአንድ፣ ዳቦ በአንድ፣ ቲማቲም በአንድ፣ ሽንኩርት በአንድ። ቃሪያ ለብቻዋ፤ ከቲማቲም ጋር ከተቀላቀለች የምትኮራረፍ ይመስል። ሳሙና ደግሞ ዳቦው እንዳይሸት ለብቻው (ይቺ እንኳ ምክንያት አላት)። እነዚህ ስድስቱ በአንድ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ይገባሉ። ቀጥሎ ያቺ ታሪካዊ ቃል ትመጣለች፤ «ደርብልኝ!» ስምንት ሞላ። ከሱቁ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ስለ «ደርብልኝ» ጥበብ ሳንናገር ማለፍ ነውር ነው። ሁለት ስስ ፌስታል ሲደረብ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል የሚለው እምነት እንደ ጸሎት የጸና ነው። የሚሆነው ሌላ ነው። ፌስታል ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው በሆዱ ሳይሆን ማንጠልጠያው ከሆዱ ጋር በሚገናኝባት ጠባብ ሥር ላይ ነው። ሁለት ሲደረብ አራቱ ማንጠልጠያዎች እኩል አይወጠሩም፤ ክብደቱ ወደ አንደኛው ፌስታል ያደላል፣ እሱ ሲተረተር ሁለተኛው በተራው ይተረተራል። የፓስታው ወይም የወተቱ እሽግ ሹል ጥግም ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ይበሳቸዋል፤ ፕላስቲክ አንዴ ከተበሳ ቀሪውን ቀዳዳው ራሱ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ከባዱን ከታች አድርጎ ሸክሙን ለሁለት እጅ መክፈል ነበር። ግን ሁለተኛው እጅ ስልክ ይዟል።

በዚህ ሰላማዊ ኑሮ ላይ ነው አንድ ቀን ባለሱቁ «ፌስታል 5 ብር ነው» ያለው።

የጀግናችን እውነተኛ ማንነት የተገለጠው ያኔ ነው። ሽንኩርት በሳምንት ሁለቴ ሲጨምር «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ የከፈለ፣ ዘይቱን ዋጋውን ሳይጠይቅ ያነሳ፣ የታክሲው ረዳት 5 ብር መልስ ይዞበት ሲቀር «ተወው» ያለ ሰው፣ እዚህች ላይ ደረቱን ነፋ።

«ለደንበኛ?»

«ጋሼ፣ እኛም ገዝተን ነው።»

«ደንበኛህ አይደለሁ? ፌስታል ይሸጣል እንዴ? አሁንስ አበዛችሁት!»

ቀጥሎ የሚታየው በሰርከስም አይታይም። ሁለት ኪሎ ቲማቲም በጃኬት ተቋጥሮ፣ ሽንኩርቱ በጃኬቱ ቆብ፣ ዳቦው በብብት፣ ስድስት እንቁላል በሁለት የሱሪ ኪስ። እህታችን ከሆነች የነጠላዋ ጫፍ አለ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። እንቁላሉ የሚሰበረው መንገድ ላይ አይደለም፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበት ሲታጠፍ የሱሪው ኪስ ጭኑ ላይ ይጠብቃል፣ ያኔ ነው። 5 ብር ግን ድኗል። የሰውዬው ክብርም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ለክፍያዋም ትንሽ ምስጋና ይድረሳት፤ ከዚያ ጀግና ላይ አንድ ፌስታል ማስጣሏ ቀላል ነገር አይደለም። ምስጢሯ ያለው ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ላይ ነው። ባለሱቁ ዝም ብሎ ሲከትበት ፌስታል እንደ አየር ነበር፤ ማንም «ልተንፍስ?» ብሎ አይጠይቅም። «ትፈልጋለህ? 5 ብር ነው» ሲባል ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፌስታል ማሰብ ይገደዳል። አስቦ ደግሞ አንድ ዳቦ በእጅ መያዝ እንደሚቻል ይደርስበታል።

ፈረንጆቹ በዚህ በኩል ደካሞች ናቸው፤ ቶሎ ይበገራሉ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ብትጥል፣ በዓመት ለአንድ ሰው 328 ገደማ ይደርስ የነበረው ፌስታል ወደ 21 ወረደ። ሕዝቡ ሲለምደው ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ 30 ገደማ መውጣት ጀመረ፤ እነሱም በ2007 ዋጋውን ወደ 22 ሳንቲም ከፍ አድርገው ኩርኮማውን አደሱት። ደቡብ አፍሪካ በ2003 ጀምራ በጥቂት ወራት ዋጋውን ብትቀንሰው ሸማቹ ድንጋጤው አልፎለት ወደ ጥንት ፍቅሩ ተመለሰ። የኛ ሰው ልቡ ያረፈው ከደቡብ አፍሪካው ጋር ነው።

አንዳንድ የዋህ ባለሱቅ ደግሞ «ከማስከፍል ልመርቅ» ይላል፤ ከረጢት ይዞ ለመጣ 5 ብር ቅናሽ። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይኸው ተፈትሾ ነበር። በፌስታል 5 ሳንቲም ሲከፈልበት ፌስታል የሚወስደው ሰው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከረጢት ላመጣ 5 ሳንቲም ሲሰጠው ግን ምንም ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ያው 5 ሳንቲም ነው። በምርቃት ላደገ ሰው ይህ አይገርምም። የተመረቀለት ድንች መብቱ ነው፣ የተወሰደበት 5 ብር ግን በደል ነው፤ በደል ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል።

ይሁንና ጀግና በአንድ ጦርነት አይሸነፍም። ክፍያዋ የምትነካው ባለማንጠልጠያውን መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ያቺ ጆሮ የሌላት፣ ቲማቲም የሚመዘንባት ስስ ነጭ ፌስታል አሁንም በነጻ ናት። ስለዚህ አንዷን ትልቅ በ5 ብር ከመግዛት አራት ትንንሽ ተቀብሎ በአራት ጣት አንጠልጥሎ ይሄዳል። የጉሊቷ እናት «ልጄ፣ አንዱ አይበቃህም?» ቢሉት «እማማ፣ ለየብቻ ያድርጉልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው ጋ ክፍያ የለም፤ ቢያስከፍሉ ከጎናቸው ያለችው ትወስድባቸዋለች። ክፍያ ከአንዱ ሱቅ ተጀምሮ ከጎኑ ከቆመ፣ ትርፉ ደንበኛን ማዛወር ብቻ ነው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 ፔንስ ሲጀምሩ ትንንሽ ሱቆችን ትተው ነበር፤ በ2021 ነው 10 ፔንስ አድርገው ሁሉንም ያስገቡት።

ባለሱቁም ካባ ባይሆን አንድ ጋቢ ይገባዋል። 5 ብሯ መሳቢያው ውስጥ እንደምትቀር ካወቀ ወዲህ ፌስታል መቀነስ የሚባለውን ነገር ረስቷል። ጭራሽ «ሌላም ልጨምርልህ?» ማለት ጀምሯል። አንዳንዱ ደግሞ ጭቅጭቁ ሲሰለቸው ዋጋዋን ከስኳሩ ላይ አካቶ ፌስታሏን «በነጻ» መልሷታል። ሸማቹ «ይኸው ሰው ማለት!» ይላል። ክፍያዋ አለች፤ ጠፍታ የቀረችው ጥያቄዋ ናት።

የሠለጠነው ሸማች ግን በሌላ መንገድ ነው የሚያኮራን። እሱ ፌስታል ትቶ «የጨርቅ» ከረጢት ይገዛል። በየሳምንቱ። ያኛውን ቤት ስለሚረሳው አዲስ ይገዛል፤ አሁን በር ኋላ ካለው ሚስማር ላይ አሥራ ምናምን ተንጠልጥለው እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህ ጨርቅ የሚባለው ነገር አብዛኛው ጨርቅ አለመሆኑን መንገር ደስታውን መንጠቅ ይሆንብናል፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ በሙቀት ተጨፍልቆ ጨርቅ እንዲመስል የተደረገ ነው። ክብሪት ቢለኩሱበት እንደ ጥጥ ክር አያርርም፣ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሌት፣ ይህ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ከአንዲት ስስ ፌስታል እኩል ለመሆን 11 ጊዜ መመላለስ አለበት፣ የወረቀቱ 3 ጊዜ፣ እውነተኛው የጥጥ ከረጢት 131 ጊዜ። ጀግናችን አንድ አንድ ጊዜ ይዞት ሰቅሎታል። ገና 10 ይቀረዋል፤ የጥጥ ከሆነማ 130።

ፌስታሏ ከቤት ገብታ ምን ትሆናለች? ኑሮዋ በክብር ነው። ግማሾቹ በአንዷ ትልቅ ፌስታል ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቀው ይቀመጣሉ፤ የማትከፈት ባንክ ናት። ጥቂቶቹ ቆሻሻ ይዘው ይወጣሉ። አንዷ ከሰል ለማቀጣጠል ትነድና ጭሷ የሚፈላውን ቡና አጅቦ ቤቱን ያውደዋል፤ ሳልም ይጨመርበታል። ትኩስ እንጀራ የገባባት ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ያልባታል፤ እንጀራው ይጣበቃል፣ ሰንበት ብሎም ይሻግታል። ያኔ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ግን ለጤፉ ነው።

የቀሩት ከደጅ ነፋስ ይወስዳቸዋል። ኮሽ ኮሽ እያሉ ቆሼ የሚደርሱት ዕድለኞቹ ናቸው። ሌሎቹ የአጥር ቆርቆሮና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ባንዲራ ይሆናሉ፣ ሐምሌ ሲገባ ወደ ቦይ ይወርዳሉ። የቦይ መዘጋት የሚጀምረው ከብዛታቸው አይደለም፤ አንዷ ፌስታል የቱቦው አፍ ላይ ባለ ብረት ላይ ትለጠፋለች፣ ጭቃና ቅጠል ያርፍባታል፣ ከዚያ ውኃው አስፋልቱን ይመርጣል። ሰውየው ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ይሻገራል። በዚህ መልኩ ፌስታል ያመጣውን ጎርፍ በፌስታል መሻገር የምሕንድስና ጣሪያ ነው። ያላለቀው በአቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ ይሄዳል።

ከሁሉ የምናደንቀው ግን የበዓሉን ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ የሚግጡት በጎች የጎመን ቅጠልና የጨው ሽታ ያለባትን ፌስታል ይመርጣሉ። ፌስታሏ አትፈጭም፣ አትወጣም፤ ከጨጓራው ውስጥ እየተጠቀለለች ኳስ ትሆናለች። በጉ መብላት ያቆማል፣ ሆዱ ግን ሞልቶ ይታያል። ጀግናችን ሆዱን መታ መታ አድርጎ «ይሄማ ሙሉ ነው!» ብሎ ጨምሮ ይገዛዋል። ለዱለት ጨጓራው ሲታጠብ የራሱን ፌስታሎች ከነቋጠሯቸው ያገኛቸዋል። 5 ብር አልከፍልም ያለባቸውን ፌስታሎች በበግ ዋጋ መልሶ ገዛቸው።

ሕግስ? ሕግ አለ፣ ሞልቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የጉሊቷ ፌስታል ከዚያ በታች መሆኗን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም፤ ውስጧ ያሉት የነጭ ሽንኩርት ፍሬዎች ከውጭ ይቆጠራሉ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ባለ አንድ ጊዜ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል፣ ሲጠቀም በተገኘ ሰው ላይም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚያስቀጣ አዋጅ ጸደቀ። አዋጁ ከአራት ኪሎ መነሣቱ የታወቀ ነው፤ ወደኛ ሰፈር ለመድረስ መገናኛ ላይ ታክሲ ሰልፍ ይዞ ይሆናል። እስከዚያው ባለሱቁ ፌስታሉን ከጠረጴዛው በታች አውርዶታል። አሁን ሲሰጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ፌስታሏም ክብሯ ጨመረ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የሚያስጠላ ወሬ ሰምተናል። ፌስታልን አጥፈው ኪስ የሚይዙ ሰዎች አሉ አሉ። አሠራሩን የምንጽፈው ጀግናችን እንዲጠነቀቅበት ነው። ፌስታሏን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አየሩን ከታች ወደ አፏ በመዳፍ ማስወጣት፤ ቁመቷን ይዞ ሁለት ጊዜ እጥፍ እጥፍ አድርጎ አራት ጣት የሚያህል ቀበቶ ማድረግ፤ ከታች ጥጓን ወደ ጎን አጥፎ ሦስት ማዕዘን፣ ያንኑ እየደገሙ እስከ ማንጠልጠያው መውጣት፤ የተረፈችውን ጫፍ ከእጥፋቱ ውስጥ መሸጎጥ። ልክ እንደ ሳምቡሳ። አየሩ ካልወጣ ትነፋና ትፈታለች፤ እርጥብ ከሆነችም ኪስ ውስጥ ትሸታለች፣ መጀመሪያ ማድረቅ ነው። ሦስት ሳምቡሳ በአንድ የሸሚዝ ኪስ ይገባል። አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ይህን የሚያደርግ ሰው ባለሱቁ ፊት ከኪሱ ሳምቡሳ ሲያወጣ ምን እንደሚባል አስቡት። «ቆጥቋጣ!» ይባላል፤ ያውም ኋላው በተሰለፉት፣ ቲማቲም በጃኬት ባቀፉት።

ወደ ሽልማቱ እንመለስ። አዳራሹ ተዘጋጅቷል፣ ካባውም ተሰፍቷል፤ ከጥቁር ፌስታል፣ ጥለቱ ከነጩ። አንድ ንብርብር እንዳይቀደድ ሁለት ተደርቧል። ጀግናችን እልልታው መሐል ካባውን ለበሰ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፣ ፎቶ ተነሣ። ሲወጣ አጣጥፎ በእጁ ያዘውና አስተናጋጁን ጠራው።

«ወንድሜ፣ መያዣ ፌስታል የለም?»

«አለ። 5 ብር።»

«ለተሸላሚ?»