የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ባለፈው አርብ ማታ እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ የሀበሻ ካፌ በር ላይ ቆመን ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በቬፕ ጁስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሲጋራ ውስጥ በሚሞላው ፈሳሽ፣ ተከራከሩ። ሁለቱም ሲጋራ ትተው ነው ወደ ቬፕ የገቡት። ልጁ ባለ 120 ሚሊ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ ማንጎ ተስሎበታል፣ ሳይቀምስ ነው የገዛው። ታላቅየው አገላብጦ አየውና "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለ።

"ጋሼ ደግሞ፣ ማንጎ ማንጎ ነው፣ ምኑ ይቀመሳል? ትልቁ ይረክሳል፣ ሪቪው ላይም አምስት ኮከብ አለው።" ያለው ይሄን ብቻ ነው። የሌላ ሰው ኮከብ ያንተን ምላስ በምን ያውቀዋል?

ጋሼ ግን ታግሶ አስረዳው። መጀመሪያ ትንሿን ጠርሙስ ግዛ፣ ሱቅ ውስጥ የሚያስቀምሱ ከሆነም የአፉን ፕላስቲክ ቀይረው ይስጡህ፣ በነፃ ማስቀመስ እንደሆነ ከ2016 (በፈረንጆቹ) ወዲህ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መስሪያ ቤት ኤፍዲኤ ከልክሏል፣ ትንሽ ትከፍላለህ። ቤትህ ድሪፐር፣ ጁሱ በቀጥታ ጥጡ ላይ የሚንጠባጠብበት የቬፕ ራስ፣ ካለህ አዲስ ጥጥ አስገባና ሶስት አራት ጠብታ ጣል አድርገህ ሁለት ሶስቴ ሳብ፣ ካልጣመህ ጥጡን ጥለህ ወደ ሌላው። ጁሱ በሚጠራቀምበት ታንክ ከሆነ ግን ኮይሉ፣ ጁሱን የሚያግለው ሽቦና ጥጥ፣ የትናንቱን ሽታ ስለሚይዝ ሚንት ላይ ማንጎ ብትጨምር የምትቀምሰው ሚንቱን ነው። ዶሮ ወጥ በልተህም አትሞክር፣ በርበሬው ገና ምላስህ ላይ ነው።

"ጥጥ ስቀይር ልደር?" ብሎ ሳቀ ልጁ። እዛው ቆሞ ታንኩ ውስጥ የነበረውን ሚንት እንኳን ሳይደፋ ማንጎውን ላዩ ላይ ሲገለብጠው ሞልቶ ፈሰሰ፣ እጁ ሱሪው ሁሉ ተጣበቀ፣ በናፕኪን ሲጠርግ ናፕኪኑም ጣቱ ላይ ቀረ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሂድ ታጠብ፣ ኒኮቲን በቆዳም ይገባል" አለው ጋሼ። ልጁ ታጥቦ መጣና አንዴ ስቦ ፊቱን አጨማደደ፣ "ካልሆነ አገር ቤት ላለው ወንድሜ እልክለታለሁ" አለ።

እዚህ ላይ እኔም አላስቻለኝም። አገር ቤት በምግብና መድኃኒት አዋጅ 1112/2011 ቬፕ ማስገባቱም መሸጡም ክልክል ነው፣ ወንድምየው ደግሞ ሲጋራ እንኳን አጭሶ አያውቅም፣ በማንጎ ጣዕም ሱስ ሊያስጀምረው ነው እንዴ? ያላጨሰ ሰው ጭራሽ አይቅመሰው።

እውነቱ ከጋሼ ጋር ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሲገዙ በጣታቸው ነክተው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው ነበር፣ ጤፉንም በእፍኝ ዘግነው ሳያዩ ብር አይፈቱም። እኛ ስዕል አይተን እንከፍላለን። ስንቱ ነው እዚህ ሁለት ስራ እየሰራ ያጠራቀመውን አዲስ አበባ ላለ አፓርታማ በኮምፒውተር የተሳለ ፎቶ ብቻ አይቶ የከፈለው፣ መሬቱን ሄዶ የሚያይለት አንድ ዘመድ እንኳን ሳይልክ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እየተባለ ያደገ ሰው። የኔም ጎረቤት አንዱ ነው፣ አምስት አመት ሆነው፣ ፎቶው አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።