ኤስኤስዲውን አትበይዱብን

ሰሞኑን አንድ የአነስተኛ ኮምፒውተሮች አምራች አዲስ ሳጥን ለገበያ ሲያቀርብ ከመግለጫው መሃል አንዲት መስመር ድምፅዋን አጥፍታ አልፋለች፤ የማከማቻው፣ ማለትም የኤስኤስዲው፣ ቺፖች በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይደዋል፣ የኤስኤስዲ ካርድ የሚሰካበትና የሚነቀልበት የኤም.2 ማስገቢያ የለም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ የድርጅቱ ተወካይ ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ ቦታ እንዳልተገኘ፣ የተበየደ ማከማቻ እንደሚፈጥን፣ ተጠቃሚውም ቢሆን ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዕቃ የመቀየር ፍላጎት እንደሌለው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ግምገማዎች አነበብኩ። ስለ ሳጥኑ ቀለምና ስለ ማራገቢያው ጸጥታ ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ስለ ብየዳው የተጻፈው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ደሜ ፈላ።

«ቦታ የለም» ከሚለው ልጀምር፤ ዓይን ያወጣው እሱ ነውና። የኤም.2 ካርዶች መጠናቸውን በስማቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። 2280 ማለት ወርዱ 22፣ ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ 2242 ቁመቱ 42፣ 2230 ደግሞ 30 ብቻ። 2230 ቢበዛ የአውራ ጣትን የላይኛውን አንጓ ቢያክል ነው። በዚያች ካርድ ላይ ሥራውን የሚመራው ተቆጣጣሪ ቺፕም፣ መረጃው የሚቀመጥበት ፍላሽም አሉ፤ 2 ቴራባይት የሚይዝ 2230 ዛሬ ብርቅ አይደለም። ታዲያ ይህችን ማስተናገድ ያቃተው የትኛው ሳጥን ነው? የጨዋታ ድርጅቱ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ስቲም ዴክ በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት መሣሪያ ነው፤ ባትሪው፣ ስክሪኑ፣ ድምፅ ማጉያውና ማራገቢያው ሁሉ ታጭቀውበታል፤ ማከማቻው ግን በሶኬት የተሰካ 2230 ነው። በ2023 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 5 የተባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ሰሌዳው በጠቅላላ 85 በ56 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓመቱ በወጣለት ተጨማሪ ሰሌዳ ላይ 2230ም ሆነ 2242 ይሰካበታል። ኢንቴልም ኤንዩሲ የተባሉትን ትንንሽ የኮምፒውተር ሳጥኖቹን በ2023 ለአሱስ እስኪያስረክብ ድረስ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሰሌዳ ላይ፣ መጀመሪያ ኤምሳታ የተባለውን የቀድሞ የካርድ ማስገቢያ ኋላም ኤም.2 ማስገቢያ ሲያስቀምጥ ኖሯል።

ይህ ሁሉ ባያሳምን የአፕል ማክ ሚኒ አለ። ከ2018 እስከ 2023 የወጡት ሞዴሎች ጎናቸው 19.7 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ማከማቻቸው ተበይዷል። በ2024 የወጣው ወደ 12.7 ሴንቲ ሜትር ተኮማተረ፤ ማከማቻውም ከሰሌዳው ተላቆ በሚነቀል ካርድ ላይ ተቀመጠ። ሰፊው ተበየደ፣ ጠባቡ ተነቀለ! እርግጥ ካርዱ የአፕል የራሱ ነው፤ ተቆጣጣሪው ዋናው ቺፕ ውስጥ ስላለ ከገበያ የተገዛ ኤም.2 አይገባበትም፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለያዝነው ክርክር ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ነገሩ የሚሊ ሜትር ጉዳይ አይደለም። የሚበይድ የሚበይደው ስለፈለገ ነው፤ ለምን እንደፈለገም ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ማከማቻውን ነገ ማሳደግ የማይችል ገዢ ዛሬውኑ ትልቁን ሞዴል አምራቹ በቆረጠው ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካርዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኙ በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 መስመሮች የሚሠራ የኤም.2 ኤስኤስዲ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ 5.0 ሲሆን ወደ 14,000 ይጠጋል። ብየዳ በዚህ ላይ የሚጨምረውን ነገር ያሳዩኝ። እንዲያውም በርካሽ ሳጥኖች ላይ ተበይዶ የምናገኘው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእሱ መስመር ከነጭራሹ በሰከንድ ከ400 ሜጋባይት አያልፍም። ከአሮጌው ከሳታ ኤስኤስዲ ያነሰ ማለት ነው። «የተበየደ ይፈጥናል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዕቃው እንዳልመጣ ግን አውቃለሁ።

ተጠቃሚው መክፈት አይፈልግም ለተባለው፣ የኤም.2 ካርድ መቀየር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገረው። የሳጥኑ የታች ክዳን ይከፈታል። ካርዱ አንዱ ጫፉ ማስገቢያው ውስጥ ገብቶ ሌላው ጫፉ በአንዲት ደቃቃ ብሎን ተይዟል። ብሎኗ በካቻቪቴ ስትፈታ ካርዱ በራሱ ጊዜ ከጫፉ ብድግ ይላል፤ ሳብ ማድረግ ነው። አዲሱ እንዳዘነበለ ይገባል፣ ጫን ተደርጎ ይተኛል፣ ብሎኗ ትመለሳለች። አለቀ። በገዛ እጁ መክፈት የሚፈራ ሰው ካለም የጥገና ባለሙያ ይከፍትለታል። ሰው አይከፍተውም ብሎ እንዳይከፈት አድርጎ መሥራት ግን ምን ይሉታል?

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ልምጣ። ከኮምፒውተር ዋና ዋና ዕቃዎች መካከል በሥራ ብዛት እንደሚያልቅ ታውቆ፣ የሚያልቅበትም ልክ በቁጥር ተጽፎለት የሚሸጠው ኤስኤስዲ ነው። ፕሮሰሰር ላይ «ይህን ያህል ስሌት ከሠራ በኋላ ዋስትናው ያበቃል» ተብሎ አይጻፍም። ራም ላይም አይጻፍም። ፍላሽ ግን ተፈጥሮው ሌላ ነው። መረጃው የሚቀመጠው ሴል በሚባል በእያንዳንዱ ደቃቃ ክፍል ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው፤ ይህን ሙል የሚያስረው እጅግ ስስ የሆነ መከለያ ነው፤ በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥር ያ መከለያ ይጎዳል። በአንድ ሴል አንድ ቢት (0 ወይም 1) በሚቀመጥበት ጊዜ ሁለት ደረጃ መለየት ይበቃ ነበር። ሦስት ቢት ሲሆን ስምንት፣ አራት ቢት ሲሆን አሥራ ስድስት የተለያዩ የቮልቴጅ ደረጃዎችን በዚያች ጠባብ ቦታ መለየት ግድ ይላል፤ ጥቂት የተጎዳ መከለያ በአንድ ቢት ጊዜ ምንም አልነበረም፣ በአራት ቢት ጊዜ ግን ስህተት ነው። ስለዚህ አምራቾቹ ራሳቸው በዋስትናው ወረቀት ላይ በዕድሜው ሊጻፍበት የሚችለውን ጠቅላላ መጠን ያሰፍራሉ። አንድ ቴራባይት በሚይዝ ባለ ሦስት ቢት ኤስኤስዲ ላይ 600 ቴራባይት የሚል ቁጥር የተለመደ ነው። ባለ አራት ቢት ከሆነ ወደ 200 የሚወርድ አለ።

ይህ ቁጥር ደግሞ ከመጠኑ ጋር አብሮ ይቀንሳል። ሴሎቹ ባነሱ ቁጥር ሸክሙን የሚካፈል ያንሳል፤ 250 ጊጋባይት ገደማ የሚይዘው የዚያው ዝርያ ካርድ 150 ቴራባይት ብቻ ይጻፍለታል። እንግዲህ አስቡት፤ በርካሹ ሞዴል ላይ የሚበየደው ይኸው ትንሹ ነው። ራሙም ከጎኑ ተበይዶ 8 ጊጋባይት ላይ ከቆመ፣ ስርዓተ ክወናው ራም ሲጠበው ወደ ማከማቻው መገልበጥ ይጀምራል፤ ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ ተጨማሪ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው።

«ለተራ ተጠቃሚ አሥር ዓመት ይበቃዋል» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። በቀን 40 ጊጋባይት ለሚጽፍ ሰው ስሌቱ እውነት ነው። ግን እነዚህን ትንንሽ ሳጥኖች የሚገዛው ማን ነው? ጥግ አስቀምጦ ሌት ተቀን የሚያሠራ ሰው ነው። የፋይል አገልጋይ ያደርገዋል፣ የመረጃ ቋት ያስኬድበታል፣ የጥበቃ ካሜራ ይቀዳበታል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራ ወደ 173 ጊጋባይት። 150 ቴራባይት የተጻፈለት ካርድ በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ልኩን ይጨርሳል። ካርዱ ተነቃይ ከሆነ አዲስ ገዝቶ መተካት ነው። ከተበየደ ግን ፕሮሰሰሩ ጤነኛ፣ ራሙ ጤነኛ፣ ማራገቢያው ጤነኛ፣ ሳጥኑም ቆሻሻ ነው። ቀድሞ እንደሚያልቅ በጽሑፍ የሚታወቀውን አንድ ዕቃ መርጦ፣ ብዙ ዕድሜ ከቀራቸው ዕቃዎች ሁሉ ጋር ለዘላለም ማጣበቅ፤ ይህን ምሕንድስና ብሎ መጥራት ለሙያው ስድብ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባጸደቀው የባትሪ ደንብ መሠረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊተካቸው የሚችል መሆን ይኖርባቸዋል። ባትሪ ላይ የታየው እውነት ፍላሽ ላይ የማይታይበት ምክንያት አይገባኝም። እንዲያውም ፍላሽ ይብሳል። ባትሪ ሲሞት የሰው ሥራ ይዞ አይሞትም።

ይህን የምለው አይቼ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ሳጥን ነበረው፤ አንድ ቀን አልነሳ አለ። ባለሙያው በመለኪያ ሲፈትሽ የኃይል መግቢያው አካባቢ ያለ አንድ የሩዝ ፍሬ የማይሞላ ካፓሲተር ተቃጥሎ ቺፖችን ይዞ መሄዱን አየ። የፍላሽ ቺፖቹ ምንም አልሆኑም። እዚያው በዓይን ይታያሉ፤ የዓመታት ሰነዱ እነሱ ውስጥ አለ፤ ግን ከሞተው ሰሌዳ ጋር ተበይደዋል፣ መረጃውን የሚቆልፈው ምስጠራም (ኢንክሪፕሽን) ከዚያው ሰሌዳ ቺፕ ጋር የተሳሰረ ነው። አምራቹ ያቀረበለት መፍትሔ አዲስ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ባዶ ማከማቻ ነበር። ማስገቢያ ቢኖር ኖሮ ካርዱ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ይሰካና፣ የምስጠራውን መክፈቻ ኮድ እስካስቀመጠ ድረስ፣ ሰነዱን ያገኘው ነበር። «መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነበረበት» የሚሉኝ ይኖራሉ። አዎ፣ ሁሉም ሰው መያዝ አለበት። ሰው ቅጂ አለመያዙ ግን አምራቹ በሩን በብየዳ እንዲዘጋበት ፈቃድ አይሰጥም።

ደግሞ ደኅንነትን የሚያነሱ አሉ፤ የተበየደ ማከማቻ ተነቅሎ አይሰረቅም ይላሉ። ሳጥኑ ራሱ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ሳለ ሌባ ካቻቪቴ ይዞ ተቀምጦ ብሎን የሚፈታበት ምክንያት ምንድን ነው? መረጃን ከሌባ የሚጠብቀው ምስጠራ ነው፤ ምስጠራ ደግሞ በተነቃይ ካርድ ላይም ይሠራል። ይልቅ ኮምፒውተሩን ለጥገና የምትልክ ድርጅት ካርዱን ነቅላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ሳጥኑን ብቻ መላክ ትችላለች። የተበየደበት ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ ሁሉ አብሮ ይልካል።

ሙቀቱ ላይ ብቻ የሚነገረው ነገር መሠረት አለው። ጠባብ ሳጥን ውስጥ፣ ከፕሮሰሰሩ ሥር የተኛ ፈጣን ካርድ ይግላል፤ ሲግል ተቆጣጣሪው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግን ያለና የታወቀ ነው፤ በካርዱና በአልሙኒየሙ ክዳን መሃል ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ ማስቀመጥ፣ ለትንሽ ሳጥንም የፒሲአይ ኤክስፕረስ 5.0ን ካርድ ሳይሆን ረጋ ያለ የ3.0 ወይም የ4.0 ካርድ መምረጥ። ብየዳ ሙቀቱን አያጠፋውም። ቺፖቹን ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ክፍሉ ጋር በአንድ የመዳብ ንጣፍ ላይ አስቀምጦ የእነሱን ግለት እንዲካፈሉ ነው የሚያደርጋቸው። ጄዴክ የተባለው የዘርፉ መስፈርት አውጪ ለተራ ተጠቃሚ የሚሆን ኤስኤስዲ የተጻፈለትን ልክ ከጨረሰ በኋላ ኃይል ሳያገኝ መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ሲጠይቅ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቀመጥ አስቦ ነው፤ ቦታው በሞቀ ቁጥር ጊዜው ያጥራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንድ ሳጥን፣ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ደረጃውን የጠበቀ የኤም.2 ማስገቢያ ይኑረው፤ 2280 ካልገባ 2230 ይግባ። መግለጫው ላይም «512 ጊጋባይት ማከማቻ» ብሎ መሸሽ ይቅር፤ ተነቃይ ነው ወይስ የተበየደ፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ ስንት ቴራባይት ይጻፍበታል የሚለው ከዋጋው ጎን ይቀመጥ። ገምጋሚዎችም የሳጥኑን ቀለም ከማድነቃችሁ በፊት የታች ክዳኑን ክፈቱና ያያችሁትን በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፉ። ገዢዎች ደግሞ መግለጫው ኤም.2 የሚል ቃል ከሌለበት ለሻጩ በጽሑፍ ጠይቁት፤ በጽሑፍ እስኪመልስላችሁ ድረስ ገንዘባችሁን አትስጡት።