የወረቀቱ ሲኦል

በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጣሊያናዊው ገጣሚ የዳንቴ «ሲኦል»፣ ራሱ ገጣሚው ሲኦልን የሚጎበኝበት የመካከለኛው ዘመን ግጥም፣ በወረቀት አሻንጉሊት ፊልም ሆኖ ወጣ። ፊልሙ ግጥሙን ለዛሬ ሰው አቀረበው ወይስ አበላሸው? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል።

ደጋፊው፦ አቅርቦታል እንጂ! ዳንቴ ሁዲ ለብሶ፣ የማታው ስካር ሳይለቀው፣ የማያውቀው ሰፈር ውስጥ ይነቃል። የጥንቱ የሮማ ገጣሚ ቨርጂል ያገኘውና ይዞት ይወርዳል። ሲኦሉስ? ያገለገለ መኪና መሸጫ፣ የኤርፖርት ፍተሻ፣ የዋሽንግተኑ ካፒቶል። ሁሉም በእጅ የተሳለ ወረቀት ነው፤ የኮምፒውተር ተአምር የለበትም። ፖለቲከኛውም ጳጳሱም እዚያው ይሰቃያሉ። ዳንቴም የዘመኑን ሰዎች ነው እሳት ውስጥ የከተተው። ዛሬ ቢኖር ይሄንኑ ፊልም ይሠራ ነበር።

ተቃዋሚዋ፦ «ይሄንኑ ፊልም ይሠራ ነበር» አሉ? ማን ነገረዎት፣ ራሱ? የግጥሙ 5ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሲኦል የገባችው ፍራንቼስካ የባሏን ወንድም እንዴት እንዳፈቀረች ስትነግረው ዳንቴ አዝኖ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ወረቀት እንዴት ብሎ ራሱን ይስታል? ሰውየው በ1302 ከፍሎረንስ ተባሮ በሰው ደጅ የኖረ ነው። የእርስዎ ፊልም ሠሪዎች ግን ባለሥልጣን ሲሰድቡ ውለው ማታ ቤታቸው ገብተው ተኝተዋል።

ደጋፊው፦ እህቴ፣ ዓመቱን ያስተውሉ እንጂ። የተባረረው በከተማው ፖለቲካ ነው፤ ግጥሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተባረረ፣ ቁጭ ብሎ ጠላቶቹን በየስማቸው ጻፈ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1300 ነው፤ ያኔ የሮማው ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ በሕይወት አለ። ዳንቴ ግን ሲኦል ውስጥ ቦታ አስይዞለታል፤ ጭንቅላቱ ወደታች፣ እግሩ በእሳት። የከተማውን ሰው፣ ጠላቱን ፊሊፖ አርጀንቲን ጭቃ ውስጥ ሲቦጫጭቁትማ እግዚአብሔርን ያመሰግናል! ከዚህ በላይ ሽሙጥ አለ?

ተቃዋሚዋ፦ በ1315 ምሕረት መጣለት። ቅጣትህን ክፈል፣ በአደባባይ ጥፋትህን እመንና ግባ ተባለ። እምቢ አለ፤ ሞት ተፈረደበት። ራቬና ላይ በ1321 እስኪሞት አገሩን አላያትም። ይሄ ሰው ነው «ይሄንኑ ፊልም ይሠራ ነበር» የተባለው? ደግሞ «ጠላቶቹን» ይላሉ። እንደ አባት የሚያየውን ብሩኔቶንም ሲኦል ውስጥ ያገኘዋል። ያኔ አይስቅበትም፤ አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት አብሮት ይሄዳል።

ደጋፊው፦ ከጻፍኩት ሁሉ ያቺን አንዷን መስመር ይዘው ሙጭጭ አሉ። ይሁንልዎ፣ አይሠራውም ነበር። ግን የምሁራኑን ላቲን ትቶ ሰፈር በሚወራበት ቋንቋ የጻፈው ለማን መሰለዎት? ለእርስዎና ለጓደኞችዎ ብቻ? እኔ ግጥሙን ያነበብኩት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው። 34ቱንም ምዕራፍ። አላፍርበትም።

ተቃዋሚዋ፦ ማንም እፈሩ አላለዎትም። 34ቱ ግን «ሲኦል» ብቻ ነው። የግጥሙ ሁለት ክፍሎች፣ «መንጽሔ» እና «ገነት»፣ 66 ምዕራፍ ይቀርዎታል፤ አሻንጉሊት እስኪሠራላቸው እንዳይጠብቁ።