በረዶ ወደ ደብረ ብርሃን

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ትልቁ ካርቶን የበረዶ መሥሪያ ማሽን ሆኖ ተገኘ። እኛ እኮ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው! ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለበት ከተማ። እዚህ ሰው ለስላሳ ሲያዝ እንኳ "ያልቀዘቀዘ" ብሎ ነው። ግን እህቴ ስንት ዓመት ሙቀት ውስጥ ስትቀቀል ስለኖረች አልፈረድንባትም።

እናቴ ካርቶኑ እንደተከፈተ ልትሰካው ስትል እህቴ ጮኸች። "እማዬ ተይ! ሲንገላታ ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ቆሞ ይረፍ!" ለካ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እናቴ "እንግዳ አይደል፣ ይረፍ" ብላ አሳደረችው። ጠዋት ስንነሳ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዳንቴል ለብሶ ቆሟል። ዳንቴሉ ደግሞ ሙቀት የሚያስወጣበትን ወንፊት ሸፍኖታል። ወንፊቱ ከታፈነ ማሽኑ ይግላል ብንላት እሷ እቴ! ዳንቴሉን ለማስነሳት ሽማግሌ መላክ ነበር የቀረን።

ሥራው ቀላል ነው። ውኃ ትሞላለህ፣ ትጫናለህ። ዘጠኝ የብረት ጣቶች ውኃው ውስጥ ይገቡና በረዶው እላያቸው ላይ ይጋገራል፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቹ ሞቅ ይሉና ዘጠኝ ፍሬ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ በረዶ ቅርጫቱ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ድፉ ይላል መመሪያው። እናቴ "ይሄን ሁሉ መብራት በልቶ?" ብላ ለጎረቤት አደለችው።

ቅርጫቱ ግን ፍሪጅ አይደለም። ካልተጠቀምክበት በረዶው ይቀልጥና ተመልሶ ታንከሩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና በረዶ ይሆናል፣ እንደገና ይቀልጣል። የእድራችንን ስብሰባ አስታወሰኝ።

ጉዱ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። እንግዳ መጣና እናቴ በኩራት ብትጫነው ማሽኑ አጉረመረመ እንጂ አልወለደም። መመሪያውን ሳገላብጥ "ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አታስነሱ" ይላል። የእኛ ሳሎን በዚያ ጠዋት ከዚያ በታች ነበር። ምን ይደረግ? ለበረዶ መሥሪያው ከሰል አቀጣጠልን። ጋቢ የደረበ እንግዳ፣ ፊት ለፊቱ ምድጃ፣ ከምድጃው ጎን እሳት የሚሞቅ የበረዶ ማሽን። ከዚያ ከሰሉ እንዳያፍነን መስኮት ከፈትን፣ ብርዱም ሰተት ብሎ ገባ። እንግዳው በመጨረሻ "ሻይ ካለ..." አሉ።

ጽዳቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚህም ይጋገራል፤ መድኃኒቱ አቼቶ በውኃ በጥብጦ ማዞርና ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቅነውና በረዶው ለአንድ ሳምንት ሰላጣ ሰላጣ አለ።

ጥር ላይ ሸዋ ሮቢት ያለው አጎቴ ልጁን ሊድር ነው ተባለና ማሽኑ ሥራ አገኘ። እዚያ ቆላ ነው፣ በረዶ ክብር አለው። ከሥሩ ያለውን መክደኛ ከፍተን ውኃውን አፈሰስን፣ በጨርቅ ወለወልነው፣ እንዳይሸት ክዳኑን ከፍተን አንድ ቀን አናፈስነው። ተጋድሞ እንዳይሄድ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሰው ወንበር ተከፈለለት፤ የጣርማበርን ዋሻ በመስኮት እያየ ቁልቁል ወረደ።

ማታ አጎቴ ደወለ።

"እታለም፣ ደርሷል። ግን ዳንቴሉን ለምን ላክሽው?"

"እንዳይበርደው ነዋ!" አለች እናቴ።