ወረርሽኝ ሳይመጣ ግቢው ይነጋገር

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እኔ በምኖርበት የቀበሌ ግቢ ስድስት ቤተሰብ አለ፤ ሕፃን ሽማግሌው ሲቆጠር 28 ሰው ነን። ያለን አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ የቆርቆሮ በር ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ከበሩ ሥር ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ አስቀመጥን። ሳሙናው እንዳይጠፋ በአሮጌ ስቶኪንግ ተቋጥሮ ሚስማር ላይ ተንጠለጠለ። ሳይታጠብ የሚያልፍ አልነበረም፤ ረስቶ የሚገባ ካለ ልጆቹ ከደጅ ይመልሱት ነበር። ዛሬ ያ ባልዲ አፈር ተሞልቶ ጤናዳም በቅሎበታል።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ሲነገር ግቢያችን ውስጥ የሰማሁት ቃል «ጂንካ እኮ ሩቅ ነው» የሚል ነበር። ጂንካ አውሮፕላን ከቦሌ የሚመላለስባት ከተማ ናት። ማርበርግ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በ21 ቀን ውስጥ ሰው የትም ይደርሳል። ተመስገን፣ ጥር ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። እኛም በማግስቱ ረሳነው። ያን የመርሳት ፍጥነት ነው የፈራሁት።

ቤተሰብን ለወረርሽኝ ማዘጋጀት ሲባል ብዙ ሰው ሸመታ ይመስለዋል። በ2012 ያየነው እሱን ነው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ሌሊት ዋጋቸው አልቀመስ አለ፣ ዝንጅብል ከጉልት ጠፋ፣ ያለው በኩንታል ሲጭን የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚገዛው ባዶ ፌስታል ይዞ ተመለሰ። በምግብ በኩል ግን የእኛ ጓዳ ድሮም የሚያዘጋጅ ጓዳ ነው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ከወር ወር አንድ አንድ ኪሎ እየጨመሩ የሁለት ሳምንት ስንቅ ማኖር አቅም ላለው ቤት አይከብድም። ስለ ምግቡ ከዚህ በላይ አልልም።

የሚከብደው ውሃው ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሦስት ቀን 225 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ከ11 በላይ። አልጋ፣ ቡፌና የእንጀራ ሞሰብ በሞሉት አንድ ክፍል ውስጥ 11 ጀሪካን የት ይቀመጣል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እጅህን ታጠብ ማለት ቀላል ነው፤ ውሃው በሌለበት ሳምንት ምን ይታጠባል? ለዚህ ነው ነገሩ ለእያንዳንዱ ቤት ብቻውን የማይገፋው። የ1000 ሊትር ሮቶ ለእኛ ለ28ታችን ከሁለት ቀን ትንሽ ያልፋል። ስድስት ቤት ቢያዋጣ ይገዛል። አንድ ቤት ብቻውን ቢለፋም አይገዛውም።

የሚጠጣው ውሃ ጥንቃቄው የተለየ ነው። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ ያየን ሰዎች ይህ አይነገረንም። አፉ ጠባብ የሆነ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይሻላል፤ ባልዲ ውስጥ ኩባያ የነከረ እጅ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይገባልና። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ውሃ አጋር፣ ከተገኘ ላዩ ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ነው። ማፍላትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እኛ ዘንድ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። አጣዳፊ ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ተሟጥጦ ነው፤ ሁለት ሦስት ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ሕይወት ያተርፋል። እሱ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰዱ ማጠጣት ነው። ጨው ከዚህ አይብዛ።

በረኪናን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን በዓይኔ ያየሁት አለ። ሰፈራችን በረኪና የሚሸጠው በአሮጌ የሃይላንድ ፕላስቲክ እየተቀዳ ነው። በኮሮናው ዓመት የጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጅ ከአልጋ ሥር ያገኘችውን ፕላስቲክ ውሃ መስሏት ተጎነጨች። ጩኸቷን ሰምተን ስንሮጥ አንዷ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ልትከትና ልታስመልሳት ነበር። እንደዚያ ማድረግ አይገባም፤ የሚያቃጥል ነገር ተመልሶ ሲወጣ ጉሮሮን ሁለተኛ ያቃጥላል። አፏን አጥበን ተሸክመናት ወደ ሕክምና ሮጥን፣ ልጅቷም ተረፈች። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት በረኪና የሚገባው በቀይ ስክሪፕቶ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። አንድ ሌላም አለ። መጸዳጃ ቤት በአሲድ የሚያጥቡ ብዙ ናቸው፤ አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ይገድላል። ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ጉድጓድ ላይ አይፈሱ። ትውከት የነካውን ወለል ለማጽዳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይበቃል፤ የተበጠበጠው ኃይሉን ስለሚያጣ የዛሬው ለነገ አይቀመጥም።

የእናቴን ነገር ልናገር። የደም ግፊት ታማሚ ናት። በሚያዝያ 2012 ኪኒኗ ሲያልቅ «ሆስፒታል ሄጄ ኮሮና ይዤ ከምመጣ ይቅርብኝ» ብላ ለማንም ሳትነግር አሥራ አምስት ቀን ቆየች። አንድ ጠዋት ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ላይ ወደቀች። ኮሮና አልነካትም፤ ሊገድላት የነበረው ፍርሃቷና የእኛ አለመጠየቅ ነበር። በቤት ውስጥ የስኳር፣ የግፊት፣ የአስም ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ከማናቸውም ሸመታ በፊት የሚቀድመው ሐኪሙን አማክሮ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት በእጅ መያዝ ነው። የጤና መድህን መታወቂያውንም በሰላሙ ቀን ማሳደስ ነው። የልጆች የክትባት ካርድም እንዲሁ ይታይ፤ ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች አሉት፣ ሁለተኛውን ያስቀረ ቤት በሰፈራችን ጥቂት አይደለም።

አሁን ሰው ሊያነሣው የማይወደው ጥያቄ ላይ ልምጣ። ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ማን ያስታምመዋል? የት ይተኛል? «ታማሚውን በተለየ ክፍል አኑሩ» የሚለው ምክር ክፍል ላለው ነው። እኛ ግቢ አምስት ሰው በአንድ ክፍል ያድራል። መልሱ ያለው ከጎረቤት ጋር ነው። የታመመው በመስኮቱ በኩል ይተኛል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ልጆቹ ማታ ማታ እነ እገሌ ቤት ያድራሉ፣ አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እሱም ያላረጀ፣ ያላረገዘ፣ ሌላ በሽታ የሌለበት። ይህ ሁሉ ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ ሲወራ ጠብ ይሆናል። «ልጆቼን አሳድርልኝ» ስትለው ፊቱን የሚያዞር ጎረቤት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ድንገት ስለሆነበት ነው። አስቀድሞ ቃል የገባ ሰው ግን ቃሉን መብላት ያፍራል።

ጥየቃም አለ። ታማሚ ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ገብቶ ግንባር ዳብሶ «እግዜር ይማርህ» ማለት ፍቅር ነው። እንዲቀር አልፈልግም። መልኩን እንቀይረው ነው የምለው፤ ጠያቂ ከደጅ ሆኖ ድምፁን ያሰማ፣ ያመጣውን በረንዳው ላይ ባለው ዱካ ላይ ያኑር፣ ስልክ ይደውል። በሽታዎች እንደ መተላለፊያቸው ይለያያሉ። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ ናቸው፤ ጭምብልና የተከፈተ መስኮት ይጠቅማሉ። ኮሌራ በውሃና በምግብ ነው። ማርበርግና ኢቦላ ደግሞ የታማሚው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ነው የሚይዙት፤ እነሱ ከተጠረጠሩ በቤት ማስታመምም፣ አስከሬን ማጠብም አይሞከርም። ሳይነኩ ወደ ጤና ጥሪ መስመሮቹ 8335 ወይም 952 መደወል ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከበራችን ጀርባ በማርከር ጽፌአቸዋለሁ፤ በቴሌግራም የሚመጣ ወሬም መጀመሪያ ወደዚያ ይጠየቅ።

እድራችን ለዚህ የተዘጋጀ አይደለም። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት ገንዘብ ያወጣል። ቀብር በጥቂት ሰው ብቻ ይሁን ቢባል ምን እንደሚያደርግ ግን በመተዳደሪያ ደንቡ አንድ መስመር የለም። በኮሮና ጊዜ ከሦስት ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ቀርተናል፤ የአንደኛዋ ሟች ልጆች እስካሁን ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። አስቀድሞ በጉባኤ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ የቀረው ሁሉ ደንብ አክብሮ እንደቀረ ይቆጠርለት ነበር። ከእድሩ ካዝና ጥቂት ብር ለሕያዋን፣ ለሳሙናና ለሮቶ ቢወጣም ሟቾቻችን የሚከፉ አይመስለኝም።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ያኔ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት 10,000 ያህል ሰው ፈጀ፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ፤ ቀባሪ ታጣ። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ እንዲያውም አስም ላለበት ሰው መከራ ነው። ግን አንድ ከተማ በአንድ ጠዋት ሁሉም ከየደጁ ወጥቶ አንድ ነገር እንዲያደርግ ያስለመዱን አያቶቻችን ናቸው። እሳቱን ትተን ቀኑን እንያዘው። ኅዳር 12 የበረኪናው ማብቂያ ቀን የሚታይበት፣ ጀሪካን የሚታጠብበት፣ የእናቶቻችን ኪኒን የሚቆጠርበት፣ ማን ማንን እንደሚያስታምም የሚታደስበት ቀን ይሁን።

እኛ ግቢ ግን ኅዳርን አልጠበቅንም። ባለፈው እሑድ በእማማ ቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የግቢያችን ታላቅ ናቸው፣ ቡና ላይ ነገሩን አነሣሁት። መጀመሪያ «አፍሽን በዳቦ» አሉኝ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ራሳቸው እማማ «የኔን ኪኒን የሚያመጣልኝ ማነው?» ብለው ጠየቁ። የዘበኛው ልጅ እኔ አለ። ያኔ በረኪና የተጎነጨችው ልጅ እናት፣ ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ የእኔን ልጆች እንደምታሳድር ተናገረች፤ እኔም የእሷን። ባልዲ አዲስ ይገዛል ተባለ፣ ጤናዳሙ ይኑርበት ብለን። ለሮቶው ከየቤቱ ስንት እንደሚዋጣ ተስማማን፤ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ገና አልተስማማንም። እኔ ከበሩ አጠገብ ይሁን እላለሁ፣ እማማ ግን ልብስ የማሰጣበትን ፀሐይ ይጋርድብኛል ይላሉ። የፊታችን እሑድ ቡናው እኛ ቤት ነው፤ ሜትር ተውሼአለሁ፣ ለክተን እንወስናለን።